ዓሣው እስኪበስል

«ቀላል ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሮጣችሁ አምልጡ። እኔ ሳላመልጥ ቀርቼ ነው ይኸው የማወጋችሁ።

ሴትዮዋ ስልኬ ውስጥ ነው የምትኖረው። ነጭ ወጥ ቤት አላት፣ ነጭ ልብስ ትለብሳለች፣ ቲማቲም ስትቆርጥ እንኳን አንዲት ጠብታ አይነካትም። «አንድ ትሪ ብቻ» ትላለች እንቅልፍ በሚያመጣ ድምፅ። «ዓሣውን አስተኙት፣ አትክልቱን ዙሪያውን በትኑት፣ የወይራ ዘይት አፍስሱበት፣ ታኑር ውስጥ ክተቱት። ሃያ አምስት ደቂቃ። እናንተ አረፍ በሉ።» ታኑር የምንለው እዚህ ኢየሩሳሌም የኤሌክትሪኩን መጋገሪያ ነው። እኔን ግን ልቤን የወሰደው ታኑሩ አይደለም፣ «አረፍ በሉ» የሚለው ነው። ዲግሪዬን ከያዝኩ ወዲህ አረፍ ያልኩበት ቀን የለም። ጠዋት ሥራ እፈልጋለሁ፣ ከሰዓት ታልፒዮት ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ፣ ማታ ደግሞ አባቴ ይደውላል።

ዓሣውን ያመጣው እንግዲህ የአባቴ ነገር ነው።

ቂርያት ሃዮቨል ሰፈር ካለው የወላጆቼ ቤት ወጥቼ፣ መሐል ከተማ ከኢትዮጵያ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ ከጓደኛዬ ከሺራ ጋር ክፍል ተከራይቻለሁ። ክፍል ስላችሁ ክፍል እንዳይመስላችሁ። ሁለት አልጋ፣ አንድ ሶፋ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ወጥ ቤት ነኝ ብሎ የሚያስብ ነገር አለ። ጠረጴዛ የለንም፤ ጠረጴዛ ከገባ ከሁለታችን አንዳችን መውጣት አለብን። ግን መስኮት አለን! መስኮቱ የሐበሻውን ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ አጥር ያያል፣ ከአጥሩ በላይ የጥድ ዛፍ፣ ከጥዱ በላይ ጉልላት። ከሰዓት ላይ ፀሐይዋ አጥሩ ላይ ስትጋደም ድንጋዩ ማር ይመስላል። ያኔ የዓለም ጫጫታ በሙሉ ጫማውን አውልቆ በጣቱ የሚራመድ ይመስለኛል። እኔ የተከራየሁት ክፍል ሳይሆን መስኮት ነው።

አባቴ ግን ሁለት ክርክር አለው። አንደኛው፣ ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የምትወጣው ወይ በሙሽራ ልብስ ወይ በወታደር ልብስ ነው የሚል ነው።

«በወታደሩ ወጥቼ ነበር እኮ» ስለው፣

«ከእሱ ተመልሰሻል» ይለኛል።

ሁለተኛው ክርክር ይብሳል። «እኔ ደንቢያ ተወለድኩ» ይላል፣ «ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ ቤተ ክርስቲያን ነበር። አባቶቼ ኢየሩሳሌም፣ ኢየሩሳሌም እያሉ አለቁ። እኔ በስንት መከራ ገባሁ። ልጄ ደግሞ ይህን ሁሉ ኢየሩሳሌም ትታ፣ መርጣ መርጣ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተከራየች!»

ለዚህኛው «መስኮቱን ስላላየኸው ነው» ብቻ እላለሁ። ለማየትም አልመጣም። ቤቱን ከያዝኩ ጀምሮ እግሩን አላነሣም።

ሐሙስ ማታ ደወለ። «ነገ ከሰዓት ከእታለም ጋር እንመጣለን» አለ። እታለም የሚላት ታላቅ እህቱን ነው፤ እኔ እማማ ጥሩወርቅ የምላቸውን አክስቴን። «ሻንጣዋን ይዤ ነው የምመጣው። ዕቃሽን ሰብስበሽ ጠብቂኝ፣ ሰንበትን ቤታችን ታሳልፊያለሽ፤ ከሰንበትም በኋላ።»

ሻንጣዋን! ያቺ ቡናማ ሻንጣ ቤታችን ውስጥ እንደ ሽማግሌ ናት። ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ እኔ የተወለድኩበት የመቫሰረት ጽዮን መቀበያ ማዕከል፣ ከዚያ ቂርያት ሃዮቨል ነው የመጣችው። ለሽርሽር አትወጣም፣ ለወታደር ቤት አትወጣም። ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ ከወረደች ሰው ጠቅልሎ ሊሄድ ነው ማለት ነው።

ዕቃ ከምሰበስብ ዓሣ ልሰብስብ አልኩ። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ሰው እንግዳ ሆኖ በልቶ የጠገበበትን ቤት ‹ይሄም ቤት ነው?› ሊል አይችልም። ነውር ነው። አባቴ ደግሞ የሐይቅ ዳር ልጅ ነው፤ ስለ ዓሣ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። በጊዜ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ በመስኮቱ ያያሉ፣ ይመርቁኛል፣ ሰንበት ሳይገባ በአውቶብሳቸው ይመለሳሉ፣ ሻንጣዋም ባዶዋን። እኔ ዕቅድ የምለውን ሌላው ሰው ሕልም ይለዋል፤ ይሄንን እናቴም ነግራኛለች።

አርብ ቀትር ላይ የከተማው ገበያ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ካለ፣ ሰንበት የዓለም መጨረሻ ነው ተብሎ የታወጀ ነው የሚመስለው። ሰው እንደ ጎርፍ ይወስዳችኋል፤ እናንተ ሎሚ ጋ ልትሄዱ አስባችሁ ወይራ ጋ ትደርሳላችሁ። እየተንሳፈፍኩ ዓሣ ሻጩ ጋ ደረስኩና ዴኒስ የሚሉትን የባሕር ዓሣ መረጥኩ።

«ላጽዳልሽ?» አለኝ።

«ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«ከፊትሽ እነዚህ ሁሉ አሉ።»

ከፊቴ ያሉትን አየሁ። አንዷ አሮጊት ወንበር ይዛ ነው የመጣችው። «ሆዱን ብቻ ጠርገህ እንዲሁ ስጠኝ» አልኩት። ችኩል ነኝ፣ ምን ላድርግ። በሰባት ወር ነው የተወለድኩት፤ እናቴ እንደምትለው እዚያም ውስጥ ሆኜ መጠበቅ አልቻልኩም።

«ቅርፊቱ አስቸጋሪ ነው፣ በኋላ ታስታውሺኛለሽ» አለ።

አስታወስኩት። በቢላ ጀርባ ገና ጫር ሳደርገው ቅርፊቱ እንደ ሠርግ አበባ ተበተነ። ጣሪያ ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ ለሰንበት ወላጆቿ ጋ የሄደችው የሺራ ትራስ ላይ። ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ዲግሪዬ ላይ አንድ እፍኝ ተለጠፈና ዲግሪው ከተመረቅሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አበራ። ፀሐይዋ ስትገባበት ክፍሉ ሁሉ ብልጭ ብልጭ ይላል። ትንሽ ቆሜ አየሁት፤ ያምራል እኮ። ከዚያ እማማ ጥሩወርቅ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ገና ሳይቀመጡ በጣታቸው መደርደሪያ የሚነኩ ሴት ናቸው። ጠረግሁ፣ ወለወልኩ፣ ተንበርክኬ ከአልጋ ሥር ለቀምኩ፣ ቆሻሻውን አውጥቼ መንገድ ላይ ካለው ገንዳ ጣልኩ፤ ገንዳውንም የቆሻሻ መኪናው ወዲያው ገለበጠው። አንዲት ቅርፊት አልቀረችም። ይቺን ያዙልኝ።

ድንቹን ቆረጥኩ፣ ካሮቱን፣ ቀይ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን። ከደጃችን አጥር ሥር የጥብስ ቅጠል ቀጠፍኩ፤ እዚህ ከተማ የጥብስ ቅጠል እንደ አረም ነው፣ ባለቤት የለውም። ትሪው የሚጣለው የአልሙኒየም ትሪ ነው። ለምን ብትሉ፣ በኛ ሕግ የሥጋና የወተት ዕቃ አይቀላቀልምና አክስቴ «ይህ ትሪ የሥጋ ነው የወተት?» ማለታቸው አይቀርም። ከእማማ ጥሩወርቅ ምርመራ በነፃ የሚለቀቅ ዕቃ ቢኖር ዛሬ ተገዝቶ ነገ የሚጣል ዕቃ ብቻ ነው።

ዓሣውን አስተኛሁት። አትክልቱን ዙሪያውን በተንኩለት። ሎሚ ጨመቅሁ፣ ዘይት አፈሰስኩ፣ ታኑሩ ውስጥ ከተትኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ፤ ውስጡ ወርቅ የመሰለ ብርሃን በራ። በመስታወቱ ሳየው ዓሣዬ የጌጣጌጥ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ሐብል ይመስላል።

«አረፍ በሉ» አለች ሴትዮዋ።

መስኮቱ ሥር ያለችው ሶፋ ላይ አረፍ አልኩ። አንድ አፍታ። የጥዱ ጥላ ግድግዳው ላይ ሄድ መለስ ይላል፣ ከታች የሆነ ሰው ጫማ ኮቴ ይሰማል፣ ከሩቅ ደወል አንድ ጊዜ። ከዚያ ኢትዮጵያ መንገድ ውኃ ሞላ። ከዚያኛው አጥር እስከዚህኛው አጥር፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ ውኃ። ዓሦች በመስኮት በመስኮት እየገቡ ይወጣሉ። እማማ ጥሩወርቅ በደንገል ታንኳ ተቀምጠው ይቀዝፋሉ፤ ኋላ የተቀመጠው አባቴ ለዓሦቹ በየተራ የአውቶብስ ካርድ ያስመታቸዋል። «ወደ ደንቢያ የምትሄዱ!» ይላል። እኔ ልሳፈር እጄን ሳወጣ፣ «አንቺ ዕቃሽን አልሰበሰብሽም» አለኝና በሩን መታ መታ መታ አደረገው።

በሩ ነው። እውነተኛው በር።

ዘልዬ ከፈትኩ። አባቴ በሰንበት ልብሱ፣ እማማ ጥሩወርቅ በነጭ ነጠላቸው፣ በመሐላቸው ሻንጣዋ። ሦስት ዳኞች።

«ተኝተሽ ነበር?» አለ አባቴ።

«ምግብ እየሠራሁ ነበር።»

«ምግቡስ አይሸትም።»

አባቴ ልክ ነው፣ አይሸትም። ወደ ታኑሩ ዞርኩ። ብርሃኑ እንደበራ ነው፤ ዓሣው እንዳስተኛሁት ተኝቷል፣ እንደኔው። እጄን አስገባሁ። ቀዝቃዛ። የታኑሩ ቁልፍ ላይ ስንት ሥዕል አለ መሰላችሁ፣ መስመር፣ አበባ የመሰለ፣ አምፖል። እኔ አምፖሉ ላይ ነው ያቆምኩት። ለዓሣው መብራት አብርቼለት ነው የሄድኩት፣ ጨለማ እንዳይፈራ።

አባቴ ቀረብ ብሎ በመስታወቱ አየ። ሰውየው አይስቅም፣ ያ ነው የሚያናድደው። «ይሄ ዓሣ ገና እየዋኘ ነው» አለ።

ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። «ሃያ አምስት ደቂቃ ነው አባዬ! ቀላል ነው!» ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፤ እኔም ‹ቀላል ነው› ባይ ሆንኩ።

አባቴ ዞር ዞር ብሎ ክፍሉን አየ። ለመዞር ብዙ ቦታ አላስፈለገውም።

«ይህ ነው?»

«ይህ ነው።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ምን?»

«ሌላው ክፍል።»

እማማ ጥሩወርቅ በጣታቸው መደርደሪያውን ዳሰሱ፣ ጣታቸውን አዩ፣ ሌላ ቦታ ዳሰሱ። ምንም ስላላገኙ ቅር ያላቸው መሰለኝ። ከዚያ ቦርሳቸውን አቅፈው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

«እማማ፣ ዓሣው አሁን ይደርሳል፣ ይበላሉ አይደል?»

«እኔ በልቻለሁ።»

«ባሴደር» አልኩ። እሺ ማለት ነው በዚህ አገር። አባቴ እንዴት እንዳየኝ! ለካ ሦስት ጊዜ መለመን ነበረብኝ። እኛ እዚህ የተወለድነው ሰዎች ችግራችን ይሄ ነው፤ «አልበላም» ሲሉን እናምናለን። «እማማ፣ ምናለ ትንሽ ቢቀምሱልኝ፣ በእኔ ሞት!» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«እንግዲህ ከበሰለ…» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

«አይበስልም» አለ አባቴ። «የመጨረሻው አውቶብስ ያመልጠናል። ዕቃሽ የት አለ?»

ሻንጣዋ ወለሉ መሐል ቆማ ታየኛለች። እሺ አባዬ፣ አልኩና ከፈትኳት። ያኔ ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ያልኩት። አንድ ካልሲ አወጣሁ። ካልሲውን አየሁት። ጓደኛውን ፈለግሁ። አገኘሁት። እናቶች ጋቢ እንደሚያጥፉ ለሁለት አጠፍኩ፣ እንደገና ለሁለት፣ አራገፍኩና እንደገና። አባቴ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ታኑሩን አያለሁ። መጣ! መጀመሪያ ሎሚው፣ ቀጥሎ የጥብስ ቅጠሉ፣ ከዚያ ሽንኩርቱ ጠርዝ ጠርዙን ሲይዘው የሚሸተው ያ ጣፋጭ ሽታ። ሽታው በክፍሉ እንደ ባለቤት ገባ። አባቴ ያወራ የነበረውን መሐል ላይ ረሳው።

«እታለም፣ እንሂድ ይሆን?» አለ፣ ግን ቁጭ ብሎ።

«ጉልበቴ ትንሽ ይረፍ» አሉ እማማ ጥሩወርቅ። «ደረጃው አድክሞኛል። ደረጃ እንዳለው አልነገርሽንም አንቺ ልጅ!»

አባቴ ተነሣና ታኑሩ ፊት ቁጢጥ አለ። በሩን ከፈተ፣ በጣቱ ድንች ነካ። «ድንቹ ገና ነው» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ዓሣውን ከድንቹ ጋር እኩል ማስገባት አልነበረብሽም። ድንች ቀድሞ ነው የሚገባው።» ልብ በሉ፣ አሁን የሚጨነቀው ስለ አውቶብስ አይደለም።

ከነቢያት መንገድ በኩል አንድ አውቶብስ እያጓራ አለፈ። ከዚያ በኋላ ሌላ አልተሰማም። ከተማው ሳታስቡት ድምፁ ይቀንስና ጆሯችሁ የተደፈነ ይመስላችኋል፤ አርብ አመሻሽ እንዲህ ነው። አባቴ ቀና አለ። ስልኩ ጮኸ፤ እናቴ ናት።

«የት ደረሳችሁ?»

አባቴ አመነታ። «ዓሣ እየጠበቅን ነው» አለ።

ሳቋ እኔ ድረስ ተሰማ። «በሉ ደህና ሰንበቱ፣ እኔም አንድ ቀን እግሬን ዘርግቼ እተኛለሁ» ብላ ዘጋች።

«ታክሲ እንጥራ» አለ አባቴ።

«መሐል መንገድ ላይ ሰንበት ቢገባብንስ?» አሉ እማማ ጥሩወርቅ። «እኔን ምን ልታደርገኝ ነው? ሜዳ ላይ ልታወርደኝ?»

ወዲያው ጡሩምባው ተነፋ። የሰንበት መግቢያ ጡሩምባ ከጣሪያ ጣሪያ እየተሳበ፣ ረጅም፣ የተኛ ሰው እንደሚተነፍሰው ያለ።

«አጥፊው! አውጪው!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

ቁልፉን ጠረቀምኩና ትሪውን በፎጣ ይዤ ሳብኩ። የአልሙኒየም ትሪ ሲሸጡላችሁ የማይነግሯችሁ ነገር አለ፦ ባዶውን ነው የሚጠነክረው። መሐሉ ላይ እጥፍ አለ። ዓሣው ወደኔ መንሸራተት ጀመረ፣ ድንቹ ተከተለው፣ ዘይቱ ጠርዙ ጋ ደረሰ፣ እኔ ጮህኩ። አባቴ እንዴት እንዲያ እንደፈጠነ አላውቅም፤ ሻንጣዋን በእግሩ ዘጋት፣ አጋደማት፣ ገፍቶ ከትሪው ሥር አስገባት። ትሪው ሻንጣዋ ላይ ዘጭ አለ። አንድ ካሮት ብቻ ወለሉን አቋርጦ አልጋ ሥር ገባ። ዘይት በቡናማው ቆዳ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ።

ሁላችንም ሻንጣዋን አየን። ከጎንደር የመጣችውን።

«ላንሣው?» አልኩ።

«የት ልታስቀምጪው? ጠረጴዛ አለሽ?» አለ አባቴ። «እንግዲያው ተይው።»

አለቀ ስል እማማ ጥሩወርቅ ወደ ትሪው ጎንበስ አሉ።

«ይህ ዓሣ ቅርፊት ነበረው?»

«በደንብ ነበረው እማማ!»

«የት አለ?»

«ጠርጌ ጣልኩት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፤ ቤቱን አጽድቼ…»

እማማ ጥሩወርቅ እጃቸውን አጣጠፉ። «ኦሪት ‹ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ› ነው የሚል። ‹ልጅቷ ነበረው ካለች ብሉ› አይልም።»

ክንፉ አለ፣ ትንሽ ቢያርርም አለ። ቅርፊት ግን! ከአልጋ ሥር ገባሁ፣ ካሮቱን አገኘሁት። የሺራን ትራስ ገለበጥኩ። ዲግሪዬን በአፍንጫዬ እስክነካው ድረስ አየሁት። በሕይወቴ አንድ ቀን በደንብ ጠረግሁ፣ ያው ጠፋሁበት። ከሥራ ፍለጋው፣ ከካርቶኑ፣ ከሻንጣዋ ይልቅ ያኔ ነው ዕንባዬ የመጣው። ዓሣውን ካልበሉ እንግዶቼ አይደሉም፤ እንግዶቼ ካልሆኑ ይሄ ቤቴ አይደለም። በጉልበቴ ወለሉ ላይ ሆኜ፣ በቃ፣ ነገ ማታ ሄድኩ አልኩ።

«ነይ ወዲህ» አለ አባቴ።

ሄድኩ። ራሴን ጎንበስ አደረገኝ፤ ልጅ ሳለሁ ጸጉሬን ሲያይልኝ እንደነበረው። ከጆሮዬ ኋላ፣ ከጥምዝ ጸጉሬ መሐል አንድ ነገር ነቀለ። በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ አምፖሉ አነሣው። ብልጭ አለ።

«ይኸው እታለም» አለ። «ዓሣውን ተይው፣ ልጅቷ ራሷ ቅርፊት አብቅላለች።»

እማማ ጥሩወርቅ ቅርፊቷን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አገላበጧት። አሸተቷት። «ይሁን» አሉ።

ከዚያ ያን ያቀፉትን ቦርሳ ከፈቱ። መጀመሪያ የሰንበት ዳቦ ወጣ፣ ሙሉ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ። ቀጥሎ የሌሊት ሻሻቸው። ቀጥሎ የቅዳሜ ኪኒናቸው። አባቴ ኪኒናውን አየ፣ እህቱን አየ።

«ለግማሽ ሰዓት ነው አላልንም?»

«መንገድ አይታወቅም» አሉ።

ጸሎት ደረሰ፣ ዳቦው ተባረከ። ሁሉም እስኪያልቅ ዓሣው በረዶ ሆነ። ሺራ ለሰንበት ምግብ የምታሞቅበት የኤሌክትሪክ ጠፍጣፋ ነገር አለ፣ ሳይጠፋ የቀረ። «እሱ ላይ ላድርገው?» ስል ሁለቱም ተቆጡ። እነሱ አገር ሰንበት ሲገባ እሳት ሁሉ ይጠፋል፣ የሚበላው የቀዘቀዘ ነው። «ዛሬ ገና ምግቡ የሰንበት ሆነ» አሉ እማማ ጥሩወርቅ። ሳህን አልጠየቁም። ሦስታችን ሻንጣዋን ከበን ወለሉ ላይ ተቀመጥንና በእጃችን ከአንዱ ትሪ በላን። ሴትዮዋ ‹አንድ ትሪ ብቻ› ስትል ይህን ማለቷ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

አባቴ አንድ ጉርሻ ዋጠ።

«ጨው የለውም» አለ።

እውነቱን ነው! ረስቼዋለሁ! ሁለተኛ ጎረሰ። ሦስተኛ። አጥንቱን መጥጦ መጥጦ እንደ ማበጠሪያ ነጭ አድርጎ ትሪው ጠርዝ ላይ ደረደረው። በልቻለሁ ያሉት እማማ ጥሩወርቅ ጭንቅላቱን ወሰዱ።

እማማ የሺራ አልጋ ላይ፣ አባቴ የእኔ ላይ፣ እኔ ሶፋው ላይ ተኛን። ለጠባብነቷ ስትሰደብ የዋለች ክፍል ሦስት ሰው አስተኛች። የሁለት ሰው ማንኮራፋት ስሰማ ቂርያት ሃዮቨል ያለሁ መሰለኝና ደስ አለኝ፤ ይህን ለማንም እንዳትናገሩብኝ።

ንጋት ላይ ከማዶ ከበሮ ቀሰቀሰኝ። ዓይኔን ሳልከፍት፣ በቃ መጣ ነገሩ አልኩ። ስገልጥ አባቴ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ብርሃኑ ገና ወተት ነው፤ ጥዱ ጥቁር፣ ጉልላቱ ሰማያዊ። ዜማው ከአጥሩ በላይ እየወጣ ይወርዳል፣ ማን እንደጀመረው የማይታወቅ፣ የትም የማይቸኩል።

«ግዕዝ ነው» አለ፣ እንደነቃሁ ሳያይ አውቆ።

«አውቃለሁ አባዬ። ከረበሸህ መስኮቱን…»

«ተይው» አለ። «የኛም ቄስ በግዕዝ ነበር ጸሎቱን የሚያደርሱት። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እኛ ከዚህ፣ እነሱ ከወንዙ ማዶ። ልጅ ሆኜ ሳንቀላፋ የቱ የማን እንደሆነ አይለይልኝም ነበር። ወንዙ መሐል ላይ ገብቶ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል።»

ተነሥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ፀሐይዋ መጣችና የአጥሩን ጫፍ ነካች። የኔ ማር። አንድ ድንጋይ፣ ቀጥሎ አንድ ድንጋይ። አባቴ ሁሉንም አየ፣ አንዱንም አልዘለለም።

«ከበሮ መቺው ግን ይዘገያል» አለ በመጨረሻ።

ያን ቀን ምን እንደሠራን ብትጠይቁኝ አላውቅም። የቀረውን ዳቦ በላን። እማማ ተኙ፣ ነቁ፣ ተኙ። አባቴ ሐይቁን አወራ። ጥላው ከዚህኛው ግድግዳ ወደዚያኛው ሄደ። ሰዓት አላየሁም፤ አንድም ሰው አላስቸኮልኩም።

ማታ ከዋክብቱ እንደወጡ አባቴ ጫማውን አሠረ። ሻንጣዋን አነሣ፣ ከፈተ። ያጠፍኳቸው ካልሲዎች ውስጧ እንዳሉ ናቸው። ካልሲዎቹን አወጣና አልጋዬ ላይ ወረወራቸው። የዘይቱን ነጠብጣብ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። አልለቀቀም።

«ቅባት ጠጥታለች» አለ። «ከእንግዲህ ልብስ አይገባባትም።»

ዘጋት። አጋደማት። በእግሩ እየገፋ መስኮቱ ሥር፣ ልክ ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አስቀመጣት።

«ምነው አባዬ?»

«ጠረጴዛ የለሽም» አለኝ።

እማማ ጥሩወርቅን ደግፎ ደረጃውን ወረደ። አጥሩን ተከትለው ሲሄዱ በመስኮቱ ከላይ አየኋቸው፤ ነጭ ነጠላና ጥቁር ኮት፣ ባዶ እጅ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ዞረ፣ አጥሩ ሥር ያለውን የጥብስ ቅጠል ቀጥፎ ኪሱ ከተተና ቀና ብሎ እኔን ፈለገኝ። ከዚያ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣

«በሚመጣው ሰንበት ጨው!» ብሎ ጮኸ።